ስለ አባቴ ቀኝ ዓይን ለክቡር ሰብሳቢ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር የውጭ አገር ሕክምና ማስረጃ አጣሪ ቦርድ ሰብሳቢ
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ሦስተኛ ፎቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም የጉልበትዎን ደኅንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ስለ ጉልበትዎ እንዴት ላውቅ እንደቻልኩ ወደ በኋላ እገልጻለሁ። ለቤተሰብዎ፣ ለጸሐፊዎ፣ በሩ ላይ ለሚቆሙት ጥበቃም ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ጤና የጎደለው ሰው ፋይሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ነውና፣ ይህን ዕጣ ለማንም አልመኝም።

ስሜ ጽናት ወልደ ሚካኤል ይባላል። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ሠራተኛ ነኝ። በእኛ ክፍል አንድ ሰው ብዙ ማሽን ስለሚጠብቅ፣ ፈረቃው እስኪያልቅ ከአንዱ ወደ ሌላው መመላለስ እንጂ መቀመጥ የሚባል ነገር የለም፤ ከዚያ የተነሳ ይመስለኛል፣ ከሥራ ውጭም አንድ ቦታ መርጋት አይሆንልኝም። ይህንንም ደብዳቤ የምጽፈው ወረቀቱን መስኮት ላይ አስደግፌ፣ ቆሜ ነው። ሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ ደጅ ወጥቼ እመለሳለሁ፣ እንደገና እጽፋለሁ። ሐሳቤ እዚህም እዚያም ቢረግጥ ይቅርታዎ አይለየኝ። ጸሐፊዎ "አቤቱታ በቁጥር ካልሆነ አንቀበልም" ስላለችኝ በቁጥር ለማስቀመጥ እሞክራለሁ።

አንደኛ፤ አባቴ ቄስ ወልደ ሚካኤል ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ በአንዲት ገጠር የሚያገለግሉ፣ እርሻም የሚያርሱ የስልሳ ሰባት ዓመት ካህን ናቸው። አምና መስከረም ላይ ለመስቀል ፈቃድ ወስጄ ቤት ሄጄ ነበር። ዝናቡ ቆርጦ ሰማዩ ታጥቧል፤ ከቤታችን በታች ያለው መስክ አንድም ባዶ ቦታ ሳይቀር ቢጫ ለብሷል። አባቴ ክንዴን ይዘው እዚያ መሀል ቆመን ሳለ፣ "ዘንድሮ አደይ አልወጣም እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። እስከ ጉልበታችን በአደይ ተውጠን ነበር። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

በማግስቱ ደሴ ወርደን የዓይን ሐኪሙ ዶክተር ሙንዚር ዘንድ ቀረብን። ለብዙ ጊዜ ከመረመራቸው በኋላ እኔን ወደ ጎን ጠርቶ፣ የስኳር ሕመሙ ከዓይናቸው በስተጀርባ ያለውን ስስ መጋረጃ እየጎተተው መሆኑን፣ እንዲህ ያለው ቀዶ ሕክምና በአገር ውስጥ ወረፋው ሩቅ መሆኑን ነገረኝ። "በሁለት ወር ውስጥ ውጭ ሄደው ከተሠሩ ሁለቱም ዓይኖች ይተርፋሉ" አለና የማስረጃውን ወረቀት ጽፎ ማኅተም መትቶ ሰጠኝ። "ሩጪ" አለኝ። መሮጥ ደግሞ ተፈጥሮዬ ነው፤ ጥቅምት ሦስት ቀን ሦስተኛ ፎቅዎ ላይ ነበርኩ።

ሁለተኛ፤ ባንክ የውጭ ምንዛሪ የሚፈቅደው የእርስዎን ቦርድ ማኅተም ሲያይ ብቻ በመሆኑ፣ የአባቴ ዓይኖች ከዚያ ቀን ጀምሮ በእርስዎ እጅ ነበሩ። ለተደረገልን ጥንቃቄ የተሞላበት መስተንግዶ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ኅዳር ላይ የቦርዱ የሦስተኛው ሐኪም ፊርማ እንደጎደለ ተነገረን፤ ሐኪሙ ሥልጠና ላይ ነበሩ። ታኅሣሥ ላይ ፊርማው ተገኘ፣ ነገር ግን የሕክምና ማስረጃው ከተጻፈ ሠላሳ ቀን ስላለፈው ያረጀ መሆኑ ተነገረን። ጥር ላይ አዲስ ማስረጃ ይዤ ብመጣ፣ የአባቴ ጉርድ ፎቶግራፍ "ዓይናቸው በደንብ አልተከፈተም" ተብሎ ተመለሰ። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ዓለም ላይ ለዓይን ሕመምተኛ እንዲህ ያለ ነገር አስተውሎ የሚመልስ ሌላ ቢሮ ይኖራል ብዬ አላምንም። ፎቶ ቤት ወስጄ በጣቴ ሽፋሽፍታቸውን ወደ ላይ ይዤላቸው አስነሳኋቸው፤ ጣቴ ፎቶው ውስጥ ገባና እሱም ተመለሰ።

ሦስተኛ፤ እርስዎን በአካል ለማግኘት አሥራ አራት ጊዜ መጥቻለሁ። ከኮምቦልቻ የጠዋቱን ሚኒባስ ይዤ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ፣ ደሴ ገብቼ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ስደርስ፣ "ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ናቸው" እባላለሁ። አራት ጊዜ አባቴንም አምጥቻቸዋለሁ፤ ደረጃውን በእጃቸው እየዳሰሱ ወጥተውታል። ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እመላለሳለሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእርስዎን ፎቶግራፍ ከመላመዴ የተነሳ፣ የክራቫትዎን መስመሮች ሁሉ እስካሁን መቁጠር እችላለሁ። "ልጄ፣ አንቺ ስትራመጂ እኔ ነው የሚደክመኝ፤ አረፍ በይ" ይሉኛል አባቴ። እንዴት ልረፍ? በመጣን ቁጥር የሚያዩት ነገር ይቀንስ ነበር። የካቲት ላይ እኔን የሚለዩኝ በድምፄ ብቻ ነበር፤ ሚያዝያ ላይ ቤተ መቅደስ ውስጥ ሌላ ካህን እያነበበላቸው እሳቸው ይከተሉ ጀመር። ለአርባ ዓመት ያነበቡትን መጽሐፍ አጥፈው ሲያስቀምጡ አይቻለሁ፤ በዚያን ቀን እንኳ በእርስዎ ላይ ክፉ ቃል አልተናገሩም። እኔ ግን ብዙ ተናግሬያለሁ፤ ለዚህም ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አራተኛ፤ ሐምሌ ላይ ታላቅ እህቴ ሸዋዓለም ከኩዌት ደወለች። ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት የሠራች ናት። አሠሪዋ እመቤት ዘመዳቸው የታከመበትን የደልሂ ሆስፒታል አፈላልገው፣ ስለ ሕክምናው ራሳቸው ተነጋግረው፣ ክፍያውንም ከኩዌት አስልከው፣ ቪዛውን ሳይቀር ጨርሰው ነበር። ስማችንን እንኳ በትክክል መጥራት የማይችሉ አንዲት አሮጊት የእርስዎ ቦርድ በዘጠኝ ወር ያላለቀለትን በሦስት ሳምንት መጨረሳቸው፣ ከአሠራር አንጻር ሲታይ ችኮላ መሆኑን እረዳለሁ።

ደልሂ ላይ የተደረገልንን ሕክምና ሳስታውስ፣ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሀል እንዴት እንዲያ ልንስቅ እንደቻልን ይገርመኛል። የገባነው ነሐሴ መጀመሪያ፣ ፍልሰታ ላይ ነው። አባቴ ከምርመራው ይልቅ ያሳሰባቸው የጾሙ ነገር ነበር። ሆስፒታሉ ግን ሥጋም እንቁላልም የማያስገባ ሆኖ ተገኘ። ይህን ስነግራቸው በደስታ አልጋቸው ላይ ተነስተው ተቀመጡና "ሐኪሞቹም?" አሉ። "ሐኪሞቹም።" "ጥበቃውም?" "ጥበቃውም አባዬ።" "አየሽ፣ አገሩ ሁሉ ፍልሰታ ላይ ነው!" ደስታቸው የቆየው እስከ ምሳ ነው፤ ወጡ ውስጥ አይብ አገኙና ሳህኑን በቀስታ ገፍተው "ጾሙን ይይዛሉ፣ ግን አይብ ላይ ይሰናከላሉ" ብለው አዘኑላቸው።

ነርሶቹ ክፍል ሲገቡ መዳፋቸውን ገጥመው ጎንበስ ይላሉ፤ የአገሩ ሰላምታ ነው። አባቴ ጥላ ብቻ ስለሚያዩ መባረክ የፈለጉ መሰላቸውና መስቀላቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ዳሰሱላቸው። በሦስተኛው ቀን የጽዳት ሠራተኞቹ፣ ምግብ አመላላሹና አንድ የልብ ሐኪም ሳይቀሩ ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ይሰለፉ ጀመር። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ቢያዩት ወረፋውን በቁጥር ያደርጉት ነበር።

ቋንቋን በተመለከተ፣ በአጠገባችን ክፍል ባለቤቱን ሳሚያን ለኩላሊት ያመጣ ጣሀ የሚባል የደሴ ሰኞ ገበያ የጫማ ነጋዴ ነበር። ልጅ ሳለ ቪዲዮ ቤት ተቀምጦ ያላየው የሕንድ ፊልም ስለሌለ፣ "ሂንዲ እኔ ዘንድ ነው" ብሎ አስተርጓሚነቱን በፈቃዱ ወሰደ። የዓይን ሐኪሟ አምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ኮስታራ ሴት ናት። ሕመሙ መቼ እንደጀመራቸው ስትጠይቅ፣ ጣሀ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ሐኪሟ ወደ እኔ ዞራ በእንግሊዝኛ፣ "ሰውየው ያለ እኔ መኖር እንደማይችልና የወንድሙን ደም እንደሚበቀል እየነገረኝ ነው፤ ይህ ስለ ዓይኑ ነው?" አለችኝ። በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ የተባለውን ለአባቴ ስነግራቸው ሳቃቸው ኮሪደሩን ሞላው። ሳሚያ ከበሩ ላይ "ወላሂ ጣሀ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እኔን እንዲህ ብለኸኝ አታውቅም!" አለች። ሐኪሟም መነጽሯን አውልቃ እንባዋን ጠረገች።

ከዚያ ምርመራው አለቀ፣ ሳቁም አለቀ። ሐኪሟ ሥዕል ሥላ አሳየችኝ። የግራውን እንደምታተርፈው፣ የቀኙ መጋረጃ ግን ሙሉ በሙሉ ከተላቀቀ ብዙ ወራት እንዳለፉት ነገረችኝ። "በጥር ወይም በየካቲት ብትመጡ ኖሮ ሁለቱም ይተርፉ ነበር። ለምን ቆያችሁ?" አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ስለ ፎቶግራፉ ልነግራት ሞከርኩ። የቋንቋ ችግር ይመስለኛል፣ አልገባትም። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

አባቴ "ስለ ቀኙ ምን አለች?" ብለው ጠየቁኝ። "ትንሽ ማረፍ አለበት አለች" አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። "ልጄ፣ መዋሸት ከፈለግሽ መጀመሪያ መንቀጥቀጥሽን አቁሚ" አሉኝ። ክንዳቸውን እንደያዝኩ ረስቼው ነበር።

የግራው ቀዶ ሕክምና በሰላም ተጠናቀቀ። ከዚያ በኋላ የታዘዘላቸው፣ ለሁለት ሳምንት ፊታቸውን ወደ መሬት ደፍተው እንዲቆዩ ነው፤ ሲበሉም፣ ሲተኙም፣ ሲሄዱም። "አርባ ዓመት ሙሉ ለሰው ቀኖና ስሰጥ ኖሬ፣ ይሄን ያህል ስግደት ለማንም አዝዤ አላውቅም" አሉ አባቴ። እኔ ደግሞ እየመራኋቸው ኮሪደር ለኮሪደር መመላለስ ታዘዘልኝ፤ በሕይወቴ ከታዘዘልኝ መድኃኒት ሁሉ የተስማማኝ ይህ ነው።

አምስተኛ፤ ከዚህ በኋላ ቁጥሩን እተወዋለሁ፤ የሚከተለው አቤቱታ ይሁን ምስጋና እኔም አልለየሁትም።

ከቀዶ ሕክምናው በአሥራ ሁለተኛው ቀን አባቴን ይዤ ለምርመራ ወደ ምድር ቤት ስወርድ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ የማውቀው ክራቫት አየሁ። ቀና ስል እርስዎ ነበሩ። አሥራ አራት ጊዜ ሦስት ፎቅ ወጥቼ ያላገኘሁዎትን፣ ደልሂ ላይ በሊፍት ወርጄ አገኘሁዎ። አባቴ እንደታዘዙት አቀርቅረው ነበርና ቆም ብለው "ጽናት፣ ይሄ ከፊቴ የሚያበራው ምንድን ነው?" አሉኝ። "ጫማ ነው አባዬ" አልኳቸው። የዳነው ዓይናቸው ለይቶ ያየው የመጀመሪያው ነገር የእርስዎ ጫማ ነው፤ ይህ ክብር በቤተሰባችን ሲነገር ይኖራል።

አማርኛ ሲሰሙ ደስ ብሎዎት "ከየት ናችሁ?" አሉኝ።

"ከደሴ።"

"በእኛ ቦርድ ነው የመጣችሁት?"

"አይደለም፣ በእህቴ ነው።"

ግንባርዎን ቋጥረው "ይሄ እኮ አሠራሩን የተከተለ አይደለም" አሉኝ። መልስ ነበረኝ፤ ጥሩነቱ አባቴ ቀደሙኝ። አባቴ እርስዎ ማን እንደሆኑ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ፊታቸውን ከመሬት ሳያነሡ፣ "ታመው ነው ጌታዬ?" አሉዎ። እርስዎም "ጉልበቴን ነው አባ፤ ቢሮዬ ሦስተኛ ፎቅ ስለሆነ ደረጃው ጎዳኝ" አሉ። አባቴ "እናውቀዋለን፤ እውነትም ይጎዳል" አሉና መስቀላቸውን ጉልበትዎ ላይ አድርገው ከልባቸው ጸለዩልዎ። አጠገባችሁ ቆሜ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መላ ሰውነቴ ቀጥ አለ። መጮህ ፈልጌ ነበር፤ አባቴ እየጸለዩ ስለነበር አልቻልኩም። በኋላ እርስዎ ስለ ዓይናቸው ጠየቁኝ፣ "ግራው ተርፏል፤ ቀኙ የእርስዎን ፊርማ ሲጠብቅ ጠፋ" አልኩዎ። ስልክዎን አውጥተው ጻፉትና "ስመለስ አየዋለሁ" አሉኝ።

በቀዶ ሕክምናው ዓይናቸው ውስጥ የተሞላው አየር እስኪጠፋ በአውሮፕላን መሳፈር ስለማይቻል፣ ዓመቱ የተለወጠው እዚያ ሳለን ነው። መስከረም አሥራ አራት ቀን ኮምቦልቻ ደርሰን ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ ያዝን። ሹፌሩ ደሳለው ይባላል፤ ሐረጎን እንደጀመርን አባቴ ትከሻውን ነካ አድርገው "ልጄ፣ እባክህ አቁምልኝ" አሉት። "እዚህ ማቆም አይቻልም አባ" አለ። "ዓመት ሙሉ አላየሁትም" አሉት። ምን እንዳላዩ አልጠየቃቸውም፤ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጎ አቆመ። ያጉረመረሙት ተሳፋሪዎች ራሳቸው አንድ በአንድ ወረዱ።

አባቴ መንገዱ ዳር ቆመው እየጠቆሙ አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። ከታች ቦርከና፣ ከዳሩ የተሰጣ ልብስ። ገና ፍሬ ያልያዘው ጤፍ፣ አረንጓዴ። የቆርቆሮው ጣሪያ። ጥቁር ላም፣ ከጥጃዋ ጋር። ከእግራቸው ሥር ጀምሮ እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ደግሞ አደይ፤ ነፋስ ሲመጣ አንድ ላይ እየተኛ፣ አንድ ላይ እየተነሣ። ራቅ ያለ ጭስ አይተው "ያ የምንድን ነው?" አሉ። "የእኛ ፋብሪካ ነው።" "እዚያ ነው ቆመሽ የምትውዪው?" ብለው ለብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ በመዳፋቸው ግራ ዓይናቸውን ሸፈኑና በቀኙ ወደ መስኩ ተመለከቱ። ጠበቁ። እጃቸውን አወረዱ።

እኔ ሰዓቴን እያየሁ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጥኩ ነበር። "ነይ ተቀመጪ" አሉኝ፤ ተቀመጥኩ። ነጠላቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። ደሳለው ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ አልተነሣሁም፤ ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የጠፋው ዓይን ስለማይመለስ ስለ እሱ ምንም አልጠይቅም። የጻፍኩት ስለ ጋሽ ከሊድ ነው። ጋሽ ከሊድ የቃሉ ወረዳ ገበሬ ናቸው፤ ከኮሪደርዎ ወንበር ላይ ነው የተዋወቅነው። ሕመማቸው የአባቴ ሕመም ነው፣ የጻፈላቸውም ዶክተር ሙንዚር ነው። ያመለከቱት ሰኔ ላይ ሲሆን፣ ባለፈው ሳምንት ሳገኛቸው የፋይላቸው ማስረጃ ሠላሳ ቀን ስላለፈው እንዲያድሱ ተነግሯቸዋል። እሳቸው ኩዌት እህት የላቸውም። እስካሁን ግን በሁለቱም ዓይናቸው ጥቂት ያያሉ፤ ፎቶግራፋቸውንም አይቼዋለሁ፣ ዓይናቸው በደንብ ተከፍቷል። ይህ ደብዳቤ በሁለት ጋዜጣ እንዲወጣና በቢሮዎ ደረጃ ላይ እንዲለጠፍ ያደረግኩት፣ እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ ሌላ ሰው አንብቦ እንዲነግርዎ ብዬ ነው።

ጉልበትዎ እንዲጸና፣ ደረጃው እንዲቀልልዎ፣ እስክሪብቶዎም ቀለም እንዳይጎድልበት ቆማ የምትመኝልዎ፣ የክራቫትዎን መስመር የምታውቅ ታዛዥዎ፣

ጽናት ወልደ ሚካኤል
ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ጸሐፊዎ ደውላ የአባቴ ፋይል ውሳኔ ማግኘቱን አበሠረችኝ። አባቴን ይዤ መጣሁ፣ ፖስታውንም ተቀበልን። "የአመልካቹ ግራ ዓይን የሚያይ በመሆኑ፣ ቀኝ ዓይናቸውም ሕክምና የማይቀበል በመሆኑ፣ ለውጭ አገር ሕክምና የሚያበቃ ምክንያት አልተገኘም" ይላል። ደልሂ ላይ የነገርኩዎትን ቃል በቃል ስለመዘገቡልኝ አመሰግናለሁ። ውሳኔውን ደረጃው ላይ ቆመው፣ ያለ መነጽር፣ ወረፋው ሁሉ እስኪሰማ ያነበቡት አባቴ ራሳቸው ናቸው፤ "ለዓይን ሕመምተኛ ፊደሉ ትንሽ ደቅቋል፣ ንገሪያቸው" ብለውኛል።